ብርድ ያሳደጋት

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ሆኗል። ዓይኔ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መሥሪያ ቤት።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ከምሳ ተመልሰን ዓይናችን የሚከብድበት ሰዓት። የምሠራው ባክቴሪያ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ኤሲ። ማሽኑ ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ ሁሌ ቀዝቃዛ ነው። ውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ እኛ ውስጥ ሹራብ ደርበን እንሠራለን።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አንድ ወረቀት ይዘው አጠገቤ ቆሙ። በሌሉበት "ጋሽ ዲግሪ" ነው የምንላቸው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አላቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ግን በዚያ አይደለም። ጠዋት ሲገቡ ከሰው አስቀድመው ሰላም የሚሉት ቴርሞሜትሮቹን ስለሆነ ነው።

"የኔ ልጅ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ ያስቀመጥሻት?"

"አዎ ጋሼ።"

"አዎ?"

"አዎ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ?"

"እኔ?! እኔ እንዲህ ያልኩ ቀን ምላሴ ይቆረጥ!"

ምን እንዳስቆጣቸው አልገባኝም። ሰው ሲቆጣኝ ደግሞ አፌ ይተሳሰራል። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው፣ "ከሥር ጀምረሽ ድገሚያት" ብለውኝ ሄዱ።

በኋላ ነው የገባኝ። እኔ ፍሪጅ ያስገባሁት ከቁስሉ የተወሰደውን ትርፍ ናሙና ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ሳህኗ ነው... ባክቴሪያዋን ስላሳደግኩባት ትንሽ የመስታወት ሳህን።

ሳህኗ ፍሪጅ ገብታ አታውቅም።

ኢንኩቤተር በምንለው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ነበረች። ሙቀት ላይ።

ያ አለመግባባት አንድ ቀን በላብን። ቀኑ ደግሞ የእኔም የእሳቸውም አልነበረም። የእህቴ ነበር።

ናሙናው የእህቴ ነው።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲያልፉ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። በመርፌና በክር ነው ያሳደገችኝ። "ዩኒቨርሲቲ ማን አስገባሽ?" ብትሉኝ የእህቴን ቀኝ እጅ ነው የማሳያችሁ። የምንኖረው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ አልጋችን ከመጋረጃው ጀርባ።

የዚያች እጅ የቀለበት ጣት ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ድሮ የመኪናው መርፌ በስቶት ጎብጦ ነው የዳነው። በልጅነቴ እግሬ ሲበርደኝ በሁለት መዳፎቿ መሃል ታስገባውና በጎበጠችው ጣቷ ውስጥ እግሬን ትኮረኩረኛለች። እኔ እንዳልስቅ ትራሱን እነክሳለሁ። እንደዚያች እጅ የሞቀ ነገር እስካሁን አላውቅም።

አንድ ቀን ወፍራም መጋረጃ ስትሰፋ መርፌ ተሰብሮ መዳፏን ወጋት።

ትንሽ ነጥብ። ደም እንኳ በቅጡ አልወጣትም።

ግን አልድን አለ። አያብጥም። አይመግልም። ትኩሳት የለውም። ዝም ብሎ... በየቀኑ አፉን ትንሽ ይከፍታል።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በውስጡ ያለችውን ባክቴሪያ ሊለያት አልቻለም። የሰጧትን መድኃኒት ሁሉ ናቀችው። በመጨረሻ ሐኪሟ ናሙናውን በእጄ ሰጠኝና፣ "ስሟን አምጪልኝ፤ ስሟን ካወቅኩ መድኃኒቷን አውቃለሁ። ካልሆነ ክንዷ ጋ ሳትደርስ እጇን መቁረጥ ነው ያለኝ ምርጫ" አለኝ።

የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ።

አሁን ስለ ሥራችን ትንሽ ልንገራችሁ። ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

እኛ ባክቴሪያን የምንለየው በቅባቷ ነው። ባክቴሪያ ዙሪያዋን የሚሸፍናት ስስ የቅባት ልባስ አላት። እናሳድጋታለን፣ ቅባቷን በኬሚካል እናወጣለን፣ ማሽኑ ውስጥ እናስገባዋለን። ማሽኑ ቅባቱን ዓይነት በዓይነት ይለይና ወረቀት ላይ ሹል ሹል መስመሮች ይስላል፤ ተራራ ከተራራ ኋላ እንደተደረደረ። እያንዳንዷ ባክቴሪያ የራሷ ተራሮች አሏት። ማሽኑ ከሚያውቃቸው ጋር ያስተያይና "ይህቺ እከሊት ናት" ይለናል።

አንድ ጣጣ ብቻ አለው። ቅባቷ እንዳደገችበት ሙቀት ይለዋወጣል።

ቅቤ ሲበርደው ይረጋል፣ ዘይት አይረጋም አይደል? ባክቴሪያም ይህን ታውቃለች። ሙቀት ውስጥ ስታድግ ልባሷን እንደ ቅቤ ታጠነክረዋለች። ብርድ ውስጥ ስታድግ እንዳይረጋባት እንደ ዘይት ታቀጥነዋለች። ስለዚህ አንዲቷን ባክቴሪያ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሿን በሙቀት ግማሿን በብርድ ብታሳድጓት፣ ማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ባክቴሪያዎች ናቸው ይላችኋል።

ለዚህ ነው ሁሉንም ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ የምናሳድገው። አንድም ከፍ፣ አንድም ዝቅ የለም። ጋሽ ዲግሪ ኢንኩቤተሩ አናት ላይ በቀይ ጽፈው ለጥፈዋል፦ "አስተዳደጓን ሳታውቅ ማንነቷን አትጠይቅ።"

ደግሞም ባክቴሪያ ትዝታ የላትም። ከብርድ አውጥታችሁ ሙቀት ውስጥ ብታስገቧት፣ አድራ የምትወልዳቸው ሁሉ የሙቀት ልጆች ናቸው። ብርዱን አያውቁትም።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ደገምኳት። አዲስ ሳህን፣ በላዩ እንደ ጄሊ የረጋ አዲስ የባክቴሪያ ምግብ። በገዛ እጄ ኢንኩቤተሩ መሃል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። በሩ መስታወት ስለሆነ በየሰበቡ እየሄድኩ አያታለሁ። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት።

በማግስቱ በሩን ከፈትኩ።

እኔ መነጽር አደርጋለሁ። ያንን በር በከፈትኩ ቁጥር የሞቀው አየር ፊቴ ላይ ይመጣና መነጽሬ ጉም ይለብሳል። ሁሌ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ወሬ ስለማያልቅበት "ሬዲዮ" የምንለው፣ ይስቅብኛል።

"አንቺ ልጅ፣ እንደ ታክሲ የዝናብ መጥረጊያ እናስገጥምልሽ እንጂ!"

የዚያን ቀን መነጽሬ ጉም አልለበሰም።

የመደርደሪያው ጠርዝ ጥርት ብሎ ታየኝ። ሳህኗ ጥርት ብላ ታየችኝ።

ኤሲው በርትቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅባቱን አውጥቼ ለሬዲዮ ሰጠሁት። ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ሳለ ማፏጨት ጀመረ።

"ኧረ ጉድ ነው! እህትሽ በረዶ ላይ ቁጭ ብላ ነው እንዴ የምትሰፋው?"

"ምን አለ?"

"ሌላ ስም ነው ያወጣላት። የትናንቷ አይደለችም። ይህቺ ባሰባት... ከበረዶ ሥር ተቆፍራ የምትወጣ ናት ይላል።"

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሽ ዲግሪ ሄድኩ። ከመናገሬ በፊት እጃቸውን አነሱ።

"ፍሪጅ ውስጥ..."

"ኢንኩቤተር ውስጥ ነበረች ጋሼ።" ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። "የመጀመሪያዋም። ፍሪጅ ያልኩዎት ትርፉን ናሙና ነው።"

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ተራሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

"ነገ እኔ ራሴ እሠራታለሁ" አሉ። "አንቺ ዛሬ በጊዜ ግቢ። እህትሽ ጋ ሁኚ።"

ፀሐይ ሳትገባ ቤት ደረስኩ። እህቴ መስኮቱ ሥር ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ደርባለች።

"ሚጢዬ! መጣሽ? ስሟን አገኛችሁላት?"

"ነገ ነው እታለም።"

"ለአንዲት ተሐዋስ ስም ማውጣት እንዲህ ካቃታችሁ ልጅ ስትወልጂ ምን ልትሆኚ ነው?"

ሳቅኩ። ሁሌ ታስቀኛለች። ሻይ ቀድታ አስቀምጣልኝ ነበርና አነሳሁት።

ቀዝቅዟል።

"አሁን እኮ ነው የቀዳሁት" አለች። "ብርጭቆውን በእጄ ይዤ ስጠብቅሽ።"

ሌላ ላፈላ ስነሳ አየሁ። ካውያዋ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። መብራቱ ቀይ ነው፤ ተሰክቷል። ቀኝ እጇን ደግሞ፣ ፋሻው በላላበት በኩል፣ የካውያው ብረት ላይ ጫን አድርጋ አሳርፋዋለች። ሰው ጉልበቱ ላይ እጁን እንደሚያሳርፈው።

"እታለም! እጅሽ!"

"እ? ጠፍቶ አይደል እንዴ?"

እጇን መነጨቅኩት። አልተቃጠለም። ቀይ እንኳ አላለም።

የጣቴን ጫፍ ምራቅ ቀብቼ ብረቱን ነካሁት...

ቀዝቃዛ ነበር። መብራቱ በርቷል፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ ብረቱ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ።

"ተበላሽቶ ይሆናላ" አለች ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች።

"አዎ። ተበላሽቶ ነው።"

አቀፍኳት። እሷም አጥብቃ አቀፈችኝ። ከዚያ ሻይ ቅጠል ልገዛ በሩን ከፍቼ ፀሐዩ ላይ ወጣሁ።

መነጽሬ ጉም ለበሰ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ምንም አይታየኝም። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ እኔ ነጭ ጉም ውስጥ ቆሜያለሁ። ከሙቀት ወደ ብርድ ሲሄዱ መነጽር ጉም አይለብስም። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲወጡ ነው።

እኔ የወጣሁት ደግሞ ከእህቴ እቅፍ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ዲግሪ እንደ ቃላቸው ራሳቸው ሠሩት። የእህቴን ሳህን መሃል ላይ አደረጉ። ከጎኗ የምናውቃትን፣ ስሟን በእርግጠኝነት የምንጠራትን ባክቴሪያ አስቀመጡ። ያችኑ የምናውቃትን በሌላ ሳህን ደግሞ ከሥር፣ ራቅ ባለው መደርደሪያ ላይ። በየመደርደሪያው ቴርሞሜትር።

ሲያድሩ ሁሉም ቴርሞሜትሮች ሃያ ስምንት ይላሉ።

ሬዲዮ መጀመሪያ የሩቋን አስገባ። ስሟ ልክ መጣ።

"እሰይ! ማሽኔ ጤነኛ ነው። ሰው ነው የሚያማርርበት እንጂ..."

ቀጥሎ ከእህቴ ሳህን ጎን የነበረችውን አስገባ።

ወረቀቱ ወጣ። ሬዲዮ አየው። መልሶ አየው።

ሬዲዮ ዝም አለ።

ከእሱ ጋር በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ ሬዲዮ ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይህቺን እኮ..." አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ፣ "እንደ እናቴ ልጅ ነው የማውቃት። ምን አድርጋችኋት ነው?"

ተራሮቿ ተገልብጠዋል። የብርድ ቅባት ነው። አንድ ሌሊት ከእህቴ ባክቴሪያ ጎን አደረች... ብርድ ያሳደጋት ሆና ወጣች።

ጋሽ ዲግሪ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት ይላል" አልኳቸው።

"መሣሪያ ይሳሳታል የኔ ልጅ። ቅባት አይዋሽም።"

"ታዲያ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ብርድ ነው?"

"ሁሉም ቦታ አይደለም።"

"የት ነው?"

"እሷ ባለችበት።"

ኤሲው ያጉረመርማል። ሬዲዮ ወረቀቱን ሳይለቅ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

"ጋሼ... ባክቴሪያ ትዝታ የላትም ብለው አልነበር ያስተማሩኝ?"

"የላትም።"

"ይህቺ ታዲያ ብርዱን እንዴት አልረሳችውም?"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሲናገሩ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

"ማስታወስ አይደለም እኮ። ገና እዚያው ናት።"

ባክቴሪያዎቹን ለመግደል ሳህኖቹን ሁሉ በእንፋሎት ቀቀልናቸው። በዚያ ሙቀት የሳህን ምግብ ውሃ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሌሎቹ ሁሉ ቀለጠ።

የእህቴ ሳህን እንደረጋች ወጣች።

ሐኪሙ ደወለ።

"ስሟን አገኘሽልኝ?"

"ሦስት ጊዜ ሠራናት፣ ሦስት ስም ወጣላት" አልኩት። "አንዱም የእሷ አይደለም።"

"አንዱን እንሞክር?"

ለጋሽ ዲግሪ ስልኩን አቀበልኳቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "በሐሰት ስም መድኃኒት ቢሰጧት እኮ ዶክተር፣ ሌላ ሰው ማከም ነው" አሉት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ስልኩን ሲመልሱልኝ አላዩኝም።

ቁስሉ አንጓዋን አልፎ ነበር። ነገ ይቆረጣል።

ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ቤት ደረስኩ። እሷ ግን ፊቴን አይታ ጨረሰችው።

"ይቆረጥ ተባለ አይደል?"

"ሰው ሠራሽ እጅ አለ እኮ እታለም። አሁን በጣም ጥሩ ጥሩ..."

"ከእጅ አይሻል ዶማ!" አለችና ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ትንሽ ቆይታ የስፌት መኪናዋን በግራ እጇ እየዳሰሰች ጠየቀችኝ።

"የቆረጡትን እጅ ምን ያደርጉታል?"

"ያቃጥሉታል።"

"ጥሩ" አለች። "ይሙቀው።"

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሐኪሙ ሲወጣ ጣቶቹን እያፍተለተለ እፍ እፍ ይላቸው ነበር። "የዚህ ክፍል ነገር..." ብሎ ለነርሷ አጉረመረመ፣ "እጄ ደንዝዞ መቀሱ ሊያመልጠኝ ነበር።" ለእኔ ደግሞ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ጥሩ እንደነበር ነገረኝ።

የተቆረጠው እጅ መቃጠሉን ጠየቅኩት። እንግዳ ጥያቄ ነው፣ አውቃለሁ።

"ማቃጠያው ዛሬ አልነድ ብሏቸዋል" አለኝ። "ነገ ይደርሳል።"

በማግስቱም አልነደደም። በመጨረሻ እጁ የት እንደገባ የነገረኝ ሰው የለም።

እህቴ ስትነቃ ከንፈሯ ነጭ ነበር። ፋሻው ላይ አፈጠጠች።

"አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ" አለች። "በሰው ሠርግ ላይ ዝም ብዬ ልቆም ነዋ።"

"እኔ አጨበጭብልሻለሁ።"

ከዚያ ጆሮዬን ወደ አፏ እንዳስጠጋ በዓይኗ ጠራችኝ።

"ሚጢዬ... እጄን ይበርደኛል።"

"ይህ ያለ ነገር ነው እታለም። የተቆረጠ እጅ እንዳለ ይሰማል። ሐኪሙ ነግሮናል።"

"አውቃለሁ። ግን ተቆርጦ የሄደው ነው የሚበርደኝ። ያለበት ቦታ።"

"የት ነው ያለው?"

ዓይኗን ጨፈነች። ሰው በጨለማ እየዳበሰ እንደሚናገር ቀስ እያለች ተናገረች።

"ጠባብ ነው... ብረት መደርደሪያ አለው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መደርደሪያ... ከፊቱ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ማዶ ሰዎች ነጭ ለብሰው ይመላለሳሉ።"



እህቴ መሥሪያ ቤቴን ረግጣ አታውቅም።

"አንቺም ታልፊያለሽ" አለች። "እየጠራሁሽ ታልፊያለሽ።"

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም። የክንዷም ቁስል አፉን መክፈት ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ወርዶ፣ ስለ መጋረጃዎቹ ስታወራኝ ነበር። ጨርሰሽ ለባለቤቶቹ ስጪልኝ፣ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው አለችኝ። "እሺ" ብዬ ቀና ስል ዓይኗ ቆሟል።

ነርሷን ጠራሁ። መጣች። አንገቷን ነካች፣ ክንዷን ነካች፣ የነርሷ ፊት ተለዋወጠ።

"ካረፈች ስንት ሰዓት ሆናት?" አለችኝ።

"አሁን። አሁን እያወራችኝ ነበር።"

"እህት፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣሽም። ካረፈች አድራለች?"

እውነቱን ነገርኳት። አላመነችኝም።

ከሐዘን ስመለስ ጋሽ ዲግሪ ኢንኩቤተሩን ከሥራ አውጥተውት አገኘሁ። በመድኃኒት ታጥቧል። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ገመዱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታስሯል። ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጎ ቆሟል። በአዲሱ እንሠራለን። ሬዲዮ እንደገና ማውራት ጀምሯል፣ ግን እኔ ስገባ ድምፁን ይቀንሳል።

እኔ በዚያ ጥግ አላልፍም ነበር። በጠረጴዛው ማዶ ዞሬ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ሁሉም ምሳ ወጡ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። የመስኮቱ ፀሐይ ወለሉን አቋርጦ ጥጉ ጋ ደርሷል። ጓንት ፈልጌ ዞር ስል ዓይኔ ሄደ።

የኢንኩቤተሩ መስታወት ላይ ጉም አለ።

ሁሉም ቦታ አይደለም። አንድ ቦታ ብቻ፣ በእኔ ደረት ትክክል።

ተጠጋሁ። ጉሙ ከውጭ በኩል ነው፤ በእኛ በኩል። ቀዝቃዛ ነገር ከውስጥ ሲነካው መስታወት በውጭ በኩል ነው ጉም የሚለብሰው።

የእጅ ቅርጽ ነው።

መዳፍ። አምስት ጣት። ቀኝ እጅ።

የቀለበት ጣቱ ጫፍ ቆልመም ብሏል።

በጣቶቹ መሃል አሻግሬ አየሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ምንም የለም። ማንም የለም። ጉሙ ግን እያየሁት ጠርዙ ይደምቃል... አንድ ሰው እጁን ይበልጥ እንደሚጫን።

መሮጥ ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር።

እኔ ያሰብኩት ግን "እየጠራሁሽ ታልፊያለሽ" ያለችኝን ነው።

ቀኝ እጄን አነሳሁ። መዳፌን መዳፏ ላይ፣ ጣቶቼን ጣቶቿ ላይ አደረግኩ።

"እታለም?" አልኩ።

ከመስታወቱ ማዶ የጎበጠችው ጣት ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ። መዳፌን ኮረኮረችኝ።

የኢንኩቤተሩ ቴርሞሜትር ሃያ ስምንት ይላል። ገመዱ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

በሩን ከፈትኩት።

መነጽሬ ጉም አልለበሰም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ በግራ እጄ ነው።